የማታ ተማሪውን ማን ያስተምረው? በቡናው ሀገር የሚታይ ችግርና የአጥቢያችን ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መስከረም በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የተስፋ ወር ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በገራና በማና ቡናው ገና በዛፉ ላይ ነው፤ የሚቀላውን ፍሬ ባለ ማሳውም፣ ለቃሚውም፣ ባለ ሱቁም በአንድነት ይጠባበቃሉ። ለቀማው በጥቅምት ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ከወርኃ ጽጌ ተነሥቶ ጾመ ነቢያትን ይሻገራል ማለት ነው። በእነዚህ ከተሞች ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው በዚሁ ወቅት ነው። የማታና የሳምንት መጨረሻ ተማሪ ለዓመቱ ምዝገባ የሚጠራው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ፣ ጎተራውም ኪሱም በክረምቱ ተሟጥጦ ባለበት ጊዜ ነው። ክፍያውን ያላሟላ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል።

እነዚህ ተማሪዎች እነማን ናቸው? በዲፕሎማ የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የመዝገብ ሠራተኛ፣ በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የሚውል ወጣት፣ ልጆቿን አስተኝታ ደብተር የምትከፍት እናት ናቸው። ከእነርሱም መካከል እሑድ ጠዋት በቅዳሴ የሚያገለግሉ ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አሉ። በአገልግሎት አብረውን የቆሙ ናቸውና ችግራቸውን ከሩቅ የሰማነው አይደለም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ሲገባ በአብዛኛው ገንዘብ አይጠየቅም። በ1995 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 በተጀመረው አሠራር የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ወጪ ከፊል በውል ተቀብሎ፣ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ይከፍላል። ይህ የወጪ መጋራት የምንለው ሥርዓት ነው፤ ጉድለት ቢኖረውም የደሀውን ልጅ ከበር አይመልስም። በዚያው ግቢ፣ በዚያው መምህር፣ በዚያው ወንበር በማታ የሚማረው ግን በየክሬዲት ሰዓቱ ተሰልቶ አስቀድሞ ይከፍላል። መኝታና ምግብ የለውም፤ የወደፊት ደመወዙም እንደ መያዣ አይታይለትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ግን ሁለቱንም እኩል ይጠይቃቸዋል። ፈተናው አንድ ሲሆን ድጋፉ መለያየቱ ሊታሰብበት ይገባል።

«የማታው ተማሪ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ አለው» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ በቀድሞው ዘመን ሚዛን ይደፋ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን የወር ደመወዝተኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ያ ደመወዝ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ታናናሾችን ያስተምራል፤ በገጠር ያሉ ወላጆችን ይጦራል። ከአጋሮ ጅማ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚማር ደግሞ የትራንስፖርቱ ወጪ ራሱ ሌላ ክፍያ ነው።

«የቡና ዋጋ ጨምሯል፤ አካባቢው ተጠቅሟል» የሚሉም አሉ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የዓለም የዓረቢካ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የቡና ዋጋ ሲጨምር የሚጠቀመው ቡና ያለው ነው። የመምህሩና የጸሐፊዋ ደመወዝ ከቡናው ጋር አብሮ አይወጣም፤ የገበያው ዋጋ ግን በእነርሱም ላይ ይወጣል።

መደበኛው በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነም እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ከቀሩት መካከል በሙያ ሥልጠና አልፈው፣ ሥራ ይዘው፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ዲግሪ ትምህርት የሚመለሱ አሉ። እነዚህ ሁለተኛ ዕድል በላባቸው የፈለጉ ናቸው። ዕድሉን ለገንዘብ ያለው ብቻ ካደረግነው ሁለተኛ ዕድል ብለን ልንጠራው አንችልም።

የመንግሥት አካላት ሊያጤኑት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የወጪ መጋራት ትልቁ ፈተና ተመራቂው ሥራ ሳያገኝ መቅረቱና ብድሩ ሳይመለስ መዘግየቱ ነው። የማታው ተማሪ ግን ዛሬውኑ ደመወዝተኛ ነው፤ አሠሪው ይታወቃል፤ በየወሩ ጥቂት ቢቆረጥበት ይከፍላል። ስለዚህ ለማበደር እጅግ አስተማማኙ እርሱ ሆኖ ሳለ የተረሳው እርሱ ሆኗል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ብድር ፈቅዳለች፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ክፍያው ስለናረ የተማሪዎቹ ቁጥር አሽቆልቁሏል። ቤተሰብ ያለው አዋቂ ሰው ዕዳን ይፈራልና ብድር ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። የክፍያው መጠንና ጊዜም አብሮ ሊታይ ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ከፍለው ግማሹን በምዝገባ፣ ግማሹን ቡናው ከተሸጠ በኋላ በጥር ቢቀበሉ፣ አንድ ብር ሳይቀንሱ ብዙ ተማሪ ከመቅረት ያድናሉ።

ይህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንን ስለ ምን ይመለከታታል? በመጀመሪያ፣ ክፍያ የጨነቀው ሰው አንዳንዴ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ከደሀ ወገን ወለድ መቀበልን መጽሐፍ ቅዱስ ይከለክላል (ዘፀ. 22፥25፤ መዝ. 14፥5)፤ እኛ ግን አራጣን በስብከት እየነቀፍን ሌላ መንገድ ካላሳየን ስብከታችን ግማሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሳምንት መጨረሻ ትምህርት እሑድን ይይዛል። ቅዳሴና ክፍል በአንድ ሰዓት ሲጋጩ ከአገልግሎት የሚርቀው ወጣት ጥቂት አይደለም። ከቅዳሴ ሲቀር «ቀዘቀዘ» እንለዋለን እንጂ የት እንደ ዋለ አንጠይቀውም። የግቢ ጉባኤ ትምህርትም የሚዘጋጀው በግቢ ለሚያድረው ነው፤ በማታ መጥቶ በማታ የሚሄደውን ብዙም አያገኘውም።

ደግሞም ተማሪን መመገብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሀገሬው ከዕለት እንጀራው እየቆረሰ ቅኔውንም፣ ዜማውንም፣ መጻሕፍቱንም አስተምሮታል። ሊቃውንቶቻችን የተማሩት በሕዝብ ቁራሽ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን አስተምሯል (ሐዋ. 18፥3)። የዛሬው የማታ ተማሪ ሁለቱንም ይመስላል፦ እንደ ሐዋርያው በእጁ ይሠራል፤ እንደ ቆሎ ተማሪው ደግሞ የወገን እጅ ያስፈልገዋል። የሚለየው በደጃችን ቆሞ አለመለመኑ ነው፤ ስለዚህም አናየውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሰበካ ጉባኤያት፣ ሰንበቴዎችና የጽዋ ማኅበራት ወለድ የሌለው የትምህርት ብድር ሊጀምሩ ይችላሉ። ብድሩ በመስከረም ለምዝገባ ይሰጣል፤ በጥርና በየካቲት ወይም በየወሩ በጥቂቱ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ለሚቀጥለው ተማሪ ይሆናል። ቡና ያለው ምእመን ከመከሩ በኋላ ከሚሰጠው ዐሥራት ጎን ለጎን ለዚህ ጥቂት ቢያስብ መነሻው ይገኛል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠበቅ። ገንዘቡ በደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በየዓመቱም ይመርመር፤ ቅዱስ ጳውሎስ የተሰበሰበውን ርዳታ ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቋልና (2ቆሮ. 8፥20)። የተቀባዮቹ ስም ደግሞ በዐውደ ምሕረት አይነበብ፤ ምጽዋት በስውር ትሁን ተብለን ተምረናልና (ማቴ. 6፥3)። ገንዘብ የሌለው አጥቢያም ቢሆን የማንበቢያ ክፍልና መብራት ሊሰጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ምእመናን ጋር የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ ሊያዘጋጅ፣ ለእሑድ ተማሪዎች በሌላ ቀን የትምህርተ ሃይማኖት ጉባኤ ሊሠራ ይችላል።

በማታው ክፍል የእኛ ልጅና የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ መብራት ያነባሉ። ክፍያው ሲከፈል ሁለቱም በአንድ ጭንቀት ውስጥ ናቸው። ስለ ልጆቻችን የምናቀርበው አቤቱታ ስለ ጎረቤቶቻችንም ልጆች ሊሆን ይገባዋል።

በዚህ ዓመት ቡናው ሲለቀም፣ በየአጥቢያችን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከመካከላችን በመስከረም ሳይመዘገብ የቀረ ማን ነው? ስሙን ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄደናል። የቀረውን የቸርነት አምላክ ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።