አሮጌው ኮምፒዩተር ይጣልን?

ዘንድሮ በክፍላችን ብዙ ክርክር ካስነሡት ነገሮች አንዱ፣ አርባ ዓመት ባለፈው ኮምፒዩተር ላይ የዚያኑ ዘመን ፕሮግራም እያሠሩ መቀመጥ ጥቅም አለው ወይስ ሥራ መፍታት ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። ከጓደኞቼ የሚበዙት ሥራ መፍታት ነው ብለው ፈረዱ። እኔ በበኩሌ ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የራሳችንን ጽሑፍ የሚነካ ጉዳይ እንዳለበት ስለማምን፣ አሳቤን በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ለመግለጽ እወዳለሁ። የማነሣቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ አጎቴ ከጀርመን አገር ይዘውት የመጡት ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒዩተር ነው። በ1982 ለገበያ ቀርቦ፣ ሠሪው ኩባንያ በ1994 እስከ ከሠረበት ጊዜ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ገዝቶታል። 64 የተባለው 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ስላለው ነው። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው በምንዞረው ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ በዚህ ውስጥ አይገባም። ኮረንቲ እንደ ገባበት ግን ሳይንቀራፈፍ ሰማያዊ ገጽ ይከፍትና፣ ለባለቤቱ የተረፈለት ቦታ 38911 ባይት መሆኑን ተናግሮ፣ ዝግጁ ነኝ ብሎ ይጠብቃል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ዓይነት ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓትና ባለ 50 ሳይክሉን ኮረንቲ የሚከተል ነው። የአገራችን የቀድሞ ቴሌቪዥንም ኮረንቲያችንም እንዲሁ ስለ ሆኑ፣ ከአንድ ያረጀ ወፍራም ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተነው ያለ ችግር ሠራ።

ብቻ አንድ ነገር ላሳስብ። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች የኮረንቲ መለወጫ ሲያረጅ፣ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው ከዚያ አልፎ እየሰጠ የሜሞሪ ቺፖችን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አጎቴ አዲስ መለወጫ አስመጥተው፣ እርሱንም በቴስተር ለክተው እንጂ እንዲሁ አልሰኩትም። ትዕግሥትም ያስፈልጋል፤ ከካሴት የሚነበብ ፕሮግራም በሴኮንድ 50 ባይት ያህል ብቻ ስለሚገባ፣ 30 ሺህ ባይት የሆነውን ለመጫን 10 ደቂቃ ይፈጃል። ቡና ለመቁላት ይበቃል።

አንዱ ጓደኛዬ፣ ‹‹ቫይስ የሚባለውን አስመሳይ ፕሮግራም በላፕቶፕህ ላይ ብትጭን ያንኑ ሁሉ ታገኘዋለህ፤ አቧራ ምን አስቃመህ?›› ሲል ጠይቆኛል። ቫይስን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ነገር ግን አስመሳዩ በትክክል ማስመሰሉን በምን እናውቃለን? ከእውነተኛው ጋር አስተያይተን አይደለምን? የኮሞዶር ዲስክ ማንበቢያ፣ 1541 የሚባለው፣ በሆዱ ውስጥ የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከራሳቸው ከፍለው ወደ ማንበቢያው ውስጥ ልከው እዚያ ያሠሩታል። እንግዲህ አስመሳዩን የሚሠራ ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ኮምፒዩተር ማስመሰል አለበት ማለት ነው። ቦብ ያነስ የሚባለው መሐንዲስ የነደፈው ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ ደግሞ፣ ድምፅ ማጥሪያው ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ፣ አንዱ ዜማ በሁለት ኮሞዶሮች ላይ ትክክል አንድ ዓይነት ላይሰማ ይችላል። እውነተኛው ከጠፋ የትኛው ትክክል እንደ ነበረ የሚመሰክር አይገኝም።

እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ፊደል ነው። ኮሞዶር 256 የምልክት ቦታዎች አሉት። እያንዳንዱ ምልክት ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ነጥብ ሆኖ ይሣላል፤ 8 ባይትም ይይዛል። ባለቤቱ ቢፈልግ የላቲኑን ፊደል አንሥቶ የራሱን ሊተካ ይችላል። የእኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ 33 ቤት ነው፤ በሰባት ቢባዛ 231፣ በባይት 1848 ይሆናልና ገብቶ 25 ቦታ ይተርፋል። እነ ሏንና እነ ቋን ከአኃዞቻችን ጋር ልጨምር ቢሉ ግን አይበቃም። ሀን 0፣ ሁን 1 እያልሁ በተራ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ለ 7 ደረሰው። ጪንና ጬን በስምንት ነጥብ ስፋት ለይቶ መሣል እንዴት እንደሚያለፋ የሞከረው ያውቀዋል።

ኮምፒዩተሩ ባዶ ቦታን የሚያውቀው በ32 ቁጥር ሲሆን፣ 32 በእኔ ተራ የሤ ቁጥር ነበረ። ከዚህ የተነሣ ገጹ ሲጠረግ ባዶ በመሆን ፈንታ በ1000 ሤ ይሞላል! ስለዚህ ሤን ወደ መጨረሻ ወስዶ ስፍራዋን ባዶ መተው ግድ ሆነ። ከዚያም በኋላ ብልጭ ድርግም የሚለው ጠቋሚ በባዶው ቦታ ላይ ዮ፣ ዮ ማለቱን አልተወም። ምክንያቱም ጠቋሚው የሚያበራው በቁጥሩ ላይ 128 እየጨመረ ነው፤ 32 እና 128 ሲደመሩ 160፣ እርሱም የዮ ቁጥር ነው።

ቁም ነገሩ እነሆ እዚህ ላይ ነው። ‹‹ሰላም›› ብዬ ብጽፍ በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ፊደሉ ሳይሆን 42፣ 10፣ 26 የሚሉት ቁጥሮች ናቸው። ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ታች እየቆጠረ ሀን 0፣ ለን 1፣ ሐን 2 ብሎ ግዕዙን ከጨረሰ በኋላ ወደ ካዕቡ ቢሻገር፣ እነዚያው ቁጥሮች በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ‹‹ቡተጠ›› ተብለው ይነበባሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ አልተበላሸም፤ የሚያነበው ፕሮግራም ሌላ ሆነ እንጂ።

ይህ በእኔ ኮሞዶር ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአይ.ቢ.ኤም. መሰል ኮምፒዩተሮች ላይ አማርኛ ይጽፉ የነበሩት ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በየራሳቸው ቁጥር ነበር። ለፊደላችን የጋራ ቁጥር የተሰጠው ዩኒኮድ በ1999 ሦስተኛውን እትም ባወጣ ጊዜ ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ሀ 4608፣ ለ 4616 ናቸው። ከዚያም በኋላ ቢሆን እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ለብዙ ዓመታት በየራሳቸው ቁጥር ሲሠራባቸው ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የተጻፈው ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ ዛሬ ቢከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድሪቶ ሆኖ ይታያል። ለታወቁት ፕሮግራሞች መለወጫ ተሠርቶላቸዋል። ላልታወቁት ግን፣ ያንኑ የጻፋቸውን ፕሮግራም በዘመኑ ኮምፒዩተር ላይ አስነሥቶ ከገጹ ላይ ከማንበብ የቀረበ መንገድ አይታየኝም።

‹‹የሚረባው ሁሉ በወረቀት ታትሟል›› የሚሉኝም አሉ። ያልታተመውስ?

ዲስክ ደግሞ ዘላለም አይኖርም፤ ማግኔቱ ይደክማል፣ ልባሱ ይሻግታል። ባለ ሦስት ተኩል ኢንቹን የሚያነብ በዩኤስቢ የሚሰካ መሣሪያ በገበያ ይገኛል። ለባለ አምስት ከሩብ ኢንቹ ግን ዞሮ ዞሮ የድሮውን ማንበቢያ ማግኘት ግድ ነው፤ የድሮውን ማንበቢያ ደግሞ ማንም አዲስ እየሠራ አይደለም።

ከቤተ መጻሕፍታችን ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማንበቢያ ያላቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች በላስቲክ ተሸፍነው አይቻለሁ። ያረጁ ዕቃዎች ለጨረታ ሲወጡ እነርሱም አብረው እንዳይሄዱ፣ ሁለቱ ቢበዙ አንዱ ለኮምፒዩተር ክበባችን ይተውልን። ወላጆችም በሣጥን ያስቀመጡት ዲስክ ቢኖር፣ በተለይም ፕሮግራሙን የያዘው ካልጠፋ፣ ከልጆቻቸው ጋር ይላኩልን። ቅጂውን አውጥተን ዲስኩን እንመልሳለን።