ከሹመት በኋላ የሚቀር ሥራ

ሹመት ለሰው የሚሰጠው ለዘመን ነው፤ ዘመኑም ሲፈጸም ማኅተሙና ወንበሩ ወደ ሌላ ሰው ያልፋሉ። የተሻረው ሰው ማን እንደ ነበረ በውነት የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ክብሩ ከወንበሩ ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ከወንበሩ ጋራ ይቀራል፤ ከሥራው የተገኘ እንደ ሆነ ግን ወንበሩ ቢወሰድም ሥራው ይከተለዋል። ለዚህ ነገር በቅርብ ዘመን ከታዩት ምስክሮች አንዱ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዲሴምበር 29 ቀን 2024፣ በ100 ዓመታቸው ያረፉት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስተር ጂሚ ካርተር ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሚስተር ካርተር በጆርጂያ አገር ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልደው ኦቾሎኒ ከሚያመርት ገበሬ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ከ1977 እስከ 1981 ድረስ አገራቸውን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1978 የግብጹን ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳትንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናሔም ቤጊንን በካምፕ ዴቪድ 13 ቀን አስቀምጠው በማነጋገራቸው፣ በሚከተለው ዓመት ሁለቱ መንግሥታት የሰላም ውል ተፈራረሙ። ነገር ግን የዕቃ ዋጋ በመወደዱና 52 አሜሪካውያን በቴህራን 444 ቀን ታግተው በመቈየታቸው ሕዝቡ ቅር ተሰኘ፤ በ1980ም በተደረገው ምርጫ በሚስተር ሮናልድ ሬጋን ተሸነፉ። በኢትዮጵያም ቢሆን መንግሥታቸው በ1977 ስለ ሰብአዊ መብት ሲል የጦር ርዳታ መቀነሱን፣ በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ መግባቱን የሚያስታውሱ ሰዎች ቅሬታቸው አልጠፋም። ስለዚህ እኒህን ሰው ማመስገን ዘመነ መንግሥታቸው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ምስጋናው በይበልጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ላለው ሥራቸው ነው።

ከሥልጣን ሲወርዱ ዕድሜያቸው 56 ዓመት ነበረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዛሊን አብረዋቸው በ1982 ከኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብረው በአትላንታ ከተማ የካርተር ማእከል የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ የሚያዝዙት ጦር፣ የሚከፍቱት የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ የሚያወጡት ዐዋጅ አልነበራቸውም። በእጃቸው የቀረው ስማቸውና የሹማምንትን በር የማንኳኳት ድፍረት ብቻ ነበረ። በዚህም የጀመሩት ሥራ ታላላቆች የማይመለከቱትን የድኻ በሽታ ማጥፋት ሆነ።

ይህ በሽታ የጊኒ ትል ይባላል። ትሉ የሚገባው ንጹሕ ያልሆነ የኩሬ ውኃ በጠጣ ሰው አካል ነው፤ ዓመት ያህል በውስጥ ሲያድግ ቈይቶ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ቈዳን ቀድዶ ይወጣል። የሚያድነው መድኃኒት፣ የሚከላከለውም ክትባት የለም፤ በትንሽ እንጨት እየተጠቀለለ በብዙ ቀን ቀስ በቀስ ይሳባል። ሕመምተኛው ሥቃዩን ለማብረድ እግሩን በውኃ ሲነክር ትሉ ዕጩን በውኃው ይበትነዋል፤ ያንኑ ውኃ የሚጠጣ ሌላ ሰውም ይያዛል። በኦሪት ዘኍልቍ በ21ኛው ምዕራፍ እስራኤልን በምድረ በዳ የነደፈው እባብ ይህ ትል ሳይሆን አይቀርም ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ፤ ይህም የደዌውን ጥንታዊነት ያመለክታል።

ማእከሉ በ1986 ይህን ሥራ ሲይዝ በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን የሚያህል ሰው ይታመም ነበር። ሚስተር ካርተር በ1988 ወደ ጋና ሄደው በአንድ መንደር ሕፃን የታቀፈች የምትመስል ወጣት ሴት አዩ። ቀርበው ሲመለከቱ ግን የታቀፈችው ልጅ ሳይሆን ትል የሚወጣበትን ያበጠ ጡቷን ነበረ። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሁሉ ያዝናል። የሚለያየው ካዘነ በኋላ በሚሠራው ነው።

በዚህ ሥራ የታየው ርኅራኄ ቍጥርና ሥርዐት ያለው ርኅራኄ ነው። በየመንደሩ ከነዋሪው አንድ ሰው እየተመረጠ ሕመምተኛውን እንዲጽፍና በየወሩ እንዲያስታውቅ ተደረገ፤ ለየቤቱ የውኃ ማጥለያ ጨርቅ ታደለ፤ ትል የወጣበት ሰው ወደ ኩሬ እንዳይገባ ተጠበቀ፤ ኩሬውም በመድኃኒት ታከመ። ሚስተር ካርተርም የየአገሩን ቍጥር ይዘው ወደ ርእሳነ መንግሥት እየሄዱ፣ ሥራው የዘገየበትን አገር መሪ በግልጽ ይጠይቁ ነበር። እንደ እርሳቸው ከሥልጣን የወረዱትን የናይጄሪያውን ጄኔራል ያኩቡ ጎዎንንና የማሊውን ጄኔራል አማዱ ቱማኒ ቱሬንም በሥራው አስገቧቸው። በናይጄሪያ በመጀመሪያው ቈጠራ ከ650,000 የሚበልጥ ሕመምተኛ ተገኝቶ ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ግን አንድም አልተገኘም። ከዚህም ሌላ በ1995 የሱዳን ተዋጊዎች ስድስት ወር ለሚያህል ጊዜ ተኩስ እንዲያቆሙ አስማሙ፤ በዚያ ጊዜ ሐኪሞች ወደ መንደሮቹ ገብተው ትሉን ለመከላከል፣ ሕፃናትንም ለመከተብ ቻሉ። መንግሥታት ለድንበርና ለክብር ሲሉ ጦርነት ሲያቆሙ ታይቷል፤ ለድኻ ገበሬ እግር ተብሎ ጦርነት መቆሙ ግን በታሪክ እምብዛም ያልታየ ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት በ2002 የተሰጣቸው እንዲህ ስላለው ሥራ ነው።

የኢትዮጵያም ድርሻ በዚህ ውስጥ አለ። በ1989 የኢትዮጵያ መንግሥትና የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ መልእክተኞች በሚስተር ካርተር ሸምጋይነት በአትላንታና በናይሮቢ ተነጋግረዋል፤ ንግግሩ ፍሬ ሳያገኝ ቢቀርም ተቀናቃኞቹን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡ ቀላል አልነበረም። በጋምቤላ የጊኒ ትልን፣ በአማራ ክልል ትራኮማ የተባለውን የዐይን በሽታ ለማጥፋት ማእከሉ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋራ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ትራኮማን የሚያራባው ዝንብ የሚፈለፈለው በየሜዳው በተጣለ እዳሪ ስለ ሆነ፣ ገበሬዎች በደጃቸው የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቈፍሩ ተመከረ። በ2005 ሚስተር ካርተር ራሳቸው ወደ አማራ ገጠር ሄደው ይህን ሥራ ጐብኝተዋል። የታላቅ መንግሥት መሪ የነበረ ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊያይና ቈፋሪውን ሊያመሰግን ሲሄድ ክብሩን ዝቅ አደረገ የሚል ሰው ክብር ምን እንደ ሆነ አላወቀም።

ሥራው ግን ገና አልተፈጸመም። በ2024 በዓለም ሁሉ የተገኙት የጊኒ ትል ሕመምተኞች 15 ብቻ ናቸው። ሆኖም ትሉ በቻድ በውሾች፣ በጋምቤላም በውሾችና በዝንጀሮዎች ተገኝቷል፤ ስለዚህ አንድ ኩሬ ሳይጠበቅ ቢቀር የብዙ ዓመት ድካም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 በሽታው ፈጽሞ እንዲጠፋ አቅዷል። ሚስተር ካርተር በ2015 ካንሰር እንደ ያዛቸው ባስታወቁ ጊዜ የመጨረሻው ትል ከእርሳቸው በፊት እንዲሞት ይመኙ እንደ ነበር ተናግረው ነበር፤ ይህን ሳያዩ ዐረፉ። ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ወደ 15 ማውረድ ዓለምን ያስደንቃል፤ ከ15 ወደ ባዶ ማድረስ ግን የሚያጨበጭብለት የለም፤ ስለዚህም የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባለሥልጣን ሁሉ ግልጽ ነው። ሚስተር ካርተር ይህን ሁሉ ያደረጉት የማዘዝ ሥልጣን ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ ዛሬ በወንበር ያለ ሹም ግን ማዘዝም፣ መመደብም፣ መቈጣጠርም ይችላል። በወረዳው ስንት ሰው ንጹሕ ውኃ እንደማያገኝ፣ ስንት ዐይን በትራኮማ እንደሚጠፋ ቈጥሮ የማያውቅ ሹም፣ አዘንሁ ቢል ኀዘኑ ለድኻው አይደርስም። በሕዝብ ዘንድ የሚሰማ ቃል ያላቸው ካህናትም ውኃ ማጥለልንና ጉድጓድ መቈፈርን ቢያስተምሩ፣ ሐኪም ያልደረሰበት መንደር ትምህርቱ ይደርሰዋል። የሹመት ዘመን አጭር ነው፤ በጋምቤላ የሚገኘውን የመጨረሻውን ሕመምተኛ ለመፈለግ ግን ዛሬ በወንበር ላሉት የተሰጠው ጊዜ ይበቃል።