የጋራ ማዕቀፍ ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር አስተዳደር፦ ጥቅሙና የሚጠይቀው ኃላፊነት

በዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄድ ምርምር ከቤተ ሙከራ ባሻገር ሰፊ የአስተዳደር ሥራ ይጠይቃል። ፕሮፖዛል ይዘጋጃል፤ በጀት ይመረመራል፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይሰጣል፤ በተገኘው የገንዘብ ድጋፍ አጠቃቀም ላይም ክትትል ይደረጋል። እያንዳንዱ ተቋም ለዚህ የሚያገለግለውን ሶፍትዌር ለብቻው ሲያሠራ ተመሳሳይ ወጪ ይደጋገማል።

በአሜሪካ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን ችግር ለመቅረፍ «ኩዋሊ» በተሰኘ ጥምረት ተሰባስበው ነበር። «ኩዋሊ ኮየስ» የተባለው የምርምር አስተዳደር ሥርዓት መነሻ ያደረገው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቀደም ሲል ያበለጸገውን «ኮየስ» ሲሆን፣ የተገነባው «ኩዋሊ ራይስ» በተባለ የጋራ ማዕቀፍ ላይ ነው። ማዕቀፉ የተጠቃሚዎችን ማንነትና የሥራ ድርሻ ይለይ፣ ሰነዶችን በየደረጃው ላሉ ኃላፊዎች ለውሳኔ ያስተላልፍ፣ ማሳወቂያም ይልክ ነበር። የጥምረቱ የፋይናንስ ሥርዓትም በዚሁ ማዕቀፍ ይጠቀም ስለነበር አንድ ጊዜ የተሠራው በድጋሚ አይሠራም ነበር።

በአንጻሩ በማዕቀፉ ላይ የሚደረግ ለውጥ በላዩ የቆሙትን ሥርዓቶች ሁሉ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኩዋሊ ፋውንዴሽን የንግድ ኩባንያ መመሥረቱን ይፋ ሲያደርግም፣ በጋራ የተገነባውን ሶፍትዌር ቀጣይ አቅጣጫ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ወጥቷል።

ስለሆነም ማዕቀፍ ለመጋራት የሚስማሙ ተቋማት ለውጥን ማን እንደሚያጸድቅ፣ የጥገና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከስምምነቱ የሚወጣ ተቋምም መረጃውን እንዴት እንደሚረከብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊወስኑ ይገባል።