ጓዙ ከልጆቹ ከበለጠ…

እኔ የሰው ሻንጣ ስፈታ ነው የሰነበትኩት። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። እሷም ልጆቿን ይዛ ለዓመት ልትሄድ ነው። «ቤቱ ጠባብ፣ ጓዙ ብዙ… እስቲ ምን ልተው?» ብላ ጠራችኝ። ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ ሦስት ማዳበሪያ፣ ተፈታትቶ በገመድ የታሰረ የሕፃን አልጋ፣ ፌስታሉማ አይቆጠርም! «እቴ፣ ልትሄጂ ነው ወይስ ሱቅ ልትከፍቺ?» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልቆየ።

መቼም እናት ጓዝ የምታበዛው ሞኝ ሆና አይደለም። «ቢበርደውስ? ቢያመውስ? ሰው ምን ይለኛል?» እያለች ነው። እያንዳንዷ «ስ» አንድ ፌስታል ትወልዳለች።

ብርዱስ እውነት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን አራት ዓይነት አየር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ወደ 1,850 ትደርሳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ከ1,300 በታች ነው፣ ልጅ ልብሱን ሁሉ አውልቁልኝ ይላል። ከዚያ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ስታልፉ ያው ልጅ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። መላው ወፍራም ልብስ ማብዛት አይደለም፣ መደራረብ ነው። ከውስጥ ስስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት። ጋቢ ለሦስቱም አንድ ይበቃል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ለኮምቦልቻ ሙቀት የተገዛው ስስ ቀሚስ ሁሉ እዚያው ይቅር።

ልብሱን በልጅ አራት አራት አደረግነው። አንዱ ይለበሳል፣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ገመድ ላይ ነው፣ አንዱ ለዓመት በዓል። ጉዞው ክረምት ከሆነ ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ አምስት ይሁን። ጫማ ግን «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ አይጫንም። ሲያድግ እዚያው ይገዛለታል።

በርበሬና ሽሮው ላይ ግን ተጣላን። አማቷ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አዘጋጅተዋል። እሷ «ይሄንን ልተው» ስትል እኔ እምቢ አልኩ። ኪራይ ለሚከፍል ሰው የተዘጋጀ በርበሬ ገንዘብ ነው፣ ደግሞም የአማት እጅ አይመለስም። ሻንጣ ይቀነስ እንጂ ሽሮ አይነካም!

አሁን ወደ ዋናው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አንዲት የማውቃት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወጣች። በጥድፊያ የያዘችው ፍራሽና ድስት ነበር። ፍራሹ ሐርቡ ሳይደርስ መንገድ ዳር ቀረ፣ ድስቱን ከሚሴ ላይ ለሰው ሰጠች። ደብረ ብርሃን ደርሳ ልጇን ትምህርት ቤት ላስገባ ስትል የዓመቱን ካርድ ተጠየቀች። ካርዱ፣ የልደት ሰርተፊኬቱ፣ የትንሹ የክትባት ካርድ ሁሉም ደሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ተመልሶ እሷም በኋላ ቤቷ ስትገባ ቁም ሳጥኑም አልነበረም። ልጁ ያንን ክፍል ደገመ። እስከ ዛሬ የምታነሳው ፍራሹን አይደለም።

ስለዚህ የኮምቦልቻዋን እናት በመጀመሪያ ያስያዝኳት አንዲት ትንሽ የትከሻ ቦርሳ ነው። ወረቀቶቹ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የእያንዳንዳቸው ፎቶ በስልክ ተነስቶ ለአባትየውም ለእህቷም ተልኮ። ይህች ቦርሳ ረዳቱ ቢቆጣም ፖርቶመጋላ ላይ አትወጣም። በውስጧ ውሃ፣ ለትንሹ አንድ ቅያሪ፣ ሽንት ጨርቅ፣ ሁለት ሦስት እሽግ «ለምለም» አለ። ልጅን ተቅማጥ ከያዘው አንዱ እሽግ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ትንሹ ልጅ ቆሎ አይሰጠው፣ ሊያንቀው ይችላል። ዳቦ ይሻለዋል። ጠመዝማዛው ላይ ማስታወክም አይቀርምና… ያ ሁሉ ፌስታል ባዶውን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው! ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ ድንገት ተዘግቶ ሰው ሳያስበው ያደረበት ጊዜ ብዙ ነውና የአንድ ሌሊት ትርፍ ምግብና ጥሬ ገንዘብም ይጨመር።

ቀጥሎ እጅ ቆጠርን። ትንሹ አንቀልባ ላይ ነው። አንድ እጇ የመካከለኛዋን እጅ ይዟል። የቀራት አንድ እጅ ነው! ትልቁ የራሱን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሸከማል። መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚያመላልስ ጓዝ ልጅ ያስጠፋል። «እስቲ ሁሉንም ይዘሽ አንዴ እስከ አስፋልቱ ሂጂ» አልኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ዞራ አየችኝ። ተመልሰን አንዱን ሻንጣ ፈታነው። በርበሬውንም ማክሰኞ በሚሄድ ዘመድ መኪና ልናስጭነው ተስማማን።

አንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። መካከለኛዋ ልጅ የአያቷን የተቀደደ ነጠላ ቁራጭ ደብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። አወጣሁት። ለቅሶዋን ብትሰሙ! እናትየው «አብሽሪ የኔ ማር» ብላ መልሳ ሰጠቻት፣ ለእኔም «ያለዚህ አትተኛም እኮ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ማታ ማታ በአዲስ ቤት የሚያስተኛትን ነገር አውጥቼ የሕፃን አልጋውን ለማሳነስ ስደራደር ነበር።

እሁድ ጠዋት በአንድ ሻንጣና በሁለት ቦርሳ ሄዱ። እኔ ደግሞ የተፈታውን አልጋ በባጃጅ አስጭኜ እናቷ ቤት ሳደርስ አመሸሁ። ሳምንት ያገናኘን።