የሾርባው ድስትና የኛ ገና

‹‹የፈረንጅ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ነጠቀን›› የሚለው እሮሮ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ውጭ አገር የሚኖር ወገን በተገናኘ ቁጥር ያነሣዋል፤ አገር ቤት ያለውም ሰምቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ለመሆኑ ነጣቂው ማነው? እኔ እንደማየው ከሆነ የነጠቀ የለም። በገዛ እጃችን፣ ያውም እያጨበጨብንና ፎቶግራፍ እያነሣን ያስረከብናቸው እኛው ነን።

ነገሬን በምሳሌ ላስረዳ። በ2017 ዓ.ም. የታኅሣሥን ወር ያሳለፍኩት ጄኔቭ፣ እህቴ ዘንድ ነበር። ልጆቿ የሚማሩት የብዙ አገር ልጆች በተሰባሰቡበት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቆየን። ወሩ ከገባ ጀምሮ ድግስ በድግስ ሆነ፤ ዛሬ መዝሙር፣ ነገ ፋኖስ ይዞ መዞር፣ ከነገ ወዲያ የኬክ ገበያ። ትምህርት ቤቱ ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም ጠቅልሎ ‹‹የክረምት በዓል›› ይለዋል። የእህቴ ባል ይህንኑ ቃል በቃል ተርጉሞ ለእናታችን በስልክ ቢነግራቸው፣ ‹‹በታኅሣሥ ደግሞ ምን ክረምት አለ? ቡሄ ነው እንዴ?›› ብለው ጠየቁት። ወር ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ይህ ነበር።

ጄኔቮች ግን የራሳቸውን በዓል በዚህ ጥቅል ስም ውስጥ አልከተቱትም። እዚህ ላይ አድንቄያቸዋለሁ። ‹‹ኤስካላድ›› ይሉታል፤ በመሰላል መውጣት እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1602 ዲሴምበር 11 ለ12 አጥቢያ የሳቮይ መስፍን ወታደሮች ከተማዋን በጨለማ ሊይዙ በመሰላል ግንቧን ወጡ። ሕዝቡ ነቅቶ መለሳቸው፤ ከከተማዋ ወገን 18 ሰዎች ወደቁ። እማማ ሯዮም የሚባሉ ሴት የፈላ የአትክልት ሾርባ ከነድስቱ በወታደሮቹ አናት ላይ ለቀቁት ይባላል። ታዲያ እስከ ዛሬ በየቤቱና በየክፍሉ ከቸኮላታ የተሠራ ድስት ይቀርባል፤ በውስጡ ከለውዝና ከስኳር የተቀረጹ ትናንሽ ካሮቶች አሉ። ከተሰበሰበው ሰው በዕድሜ ታላቁና ታናሹ አብረው ይሰብሩታል። የሚገርመው፣ ቀኑ በአሮጌው አቆጣጠር የተቆጠረ ነው። ከተማዋ በ1701 አዲሱን አቆጣጠር ስትቀበል የበዓሉን ቀን አልነካችውም። የኛ አቆጣጠር ከዓለም አልገጠመም ብለው ለሚያፍሩ ወገኖቼ ይህን ንገሩልኝ።

የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ታሪኩን ከነመሰላሉ፣ ከነሾርባው ትተርከዋለች። ከክፍሉ ታናሽ እሷ፣ ታላቅ መምህሯ ሆነው ድስቱን ሲሰብሩ የነበራት ደስታ አይጣል ነው። አባትና እናት ቆመው ያያሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? የገና ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን ለልጆቹ የነገራቸው ግን አልነበረም። ስለ ገና ምን ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ‹‹ዶሮ ወጥ›› አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠርቶ፣ የአገራችሁን በዓል አምጡልን ብሎ ጠረጴዛ ሰጠ። እኛ ያቀረብነው እንጀራ፣ ጀበናና ባንዲራ ነው። ምግቡ አለቀ፤ ተጨበጨበ። ስለ ገና የተናገረ የለም። ሩርና የገና ዱላ ይዞ ሄዶ ልጆቹን ሜዳ ላይ ማጫወት ምን ያስቸግር ነበር? ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት፣ ጌታ ቢመታ የማይቆጣበት ጨዋታ አለን ብሎ መንገርስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ መስቀል ያቅታል? የቸኮላታው ድስት እኮ ታሪኩ ባይነገርለት ቸኮላታ ብቻ ነው። የኛም ዶሮ እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ከተማዋ ጄኔቭ መሆኗ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ወረራውና ስለ መርዙ ጋዝ በአማርኛ አቤት ያሉት፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያውኳቸው የሞከሩት በዚችው ከተማ ነው። የእማማ ሯዮምን ሾርባ አሳምራ የምትተርከው ልጅ ይህን አልሰማችም። የማስተማር ግዴታው የጄኔቭ ትምህርት ቤት ነው? አይደለም። እሱ የራሱን አስተምሯል።

‹‹ጊዜ የለንም›› የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ለኬክ ገበያው ሦስት ምሽት ሙሉ ሲጋገር በዓይኔ አይቻለሁ። ‹‹ልጆቹ ከጓደኞቻቸው እንዳይለዩ ብለን ነው›› የሚልም አለ። በጥቅምት አንድ የሕንድ አባት የዲዋሊን መብራት ይዞ መጥቶ፣ ታሪኩን ለክፍሉ ተናግሮ ሄደ አሉ። ልጁን ማን ለየው? እንዲያውም ልጆቹ መብራቱን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ለሃይማኖት በዓል ልጅ ለማስቀረት የወላጅ ደብዳቤ እንደሚበቃ የትምህርት ቤቱ መመሪያ ይናገራል። መመሪያው የእህቴ ቤት ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል። ታኅሣሥ 29 ማክሰኞ ዋለ። ደብዳቤ የጻፈ የለም፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ሄዱ፤ ዶሮው ለማታ ተባለ። ረፋዱ ላይ እናታችን ደውለው፣ ‹‹እስቲ ልጆቹን አገናኙኝ፣ እንኳን አደረሳችሁ ልበላቸው›› ቢሉ፣ ቤት ውስጥ ያገኙት እኔን ብቻ ነው።