አቮካዶ ወይስ እንሰት? የአቃቂ ቃሊቲ ጓሮዎች ምርጫ

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከደን ዛፎች ጎን ለጎን እንደ አቮካዶ ያሉ የፍራፍሬ ችግኞችንም አካቷል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ግን ዋናው ፈተና ችግኙን መትከል ሳይሆን ማጽደቁ ነው።

የአካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። አቮካዶ ውኃ በተኛበት መሬት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ለጋው ችግኝም ውርጭ አይችልም። ከፍ ባለ መደብ ላይ ተተክሎ እንክብካቤ ካገኘ ግን የተዳቀለው ችግኝ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ፍሬ መስጠት ይጀምራል፤ ለዓመታትም ገቢ ያስገኛል።

እንሰት በአንጻሩ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነው የአቃቂ ከፍታ ይስማማዋል፤ ድርቅንም ይቋቋማል። ፍግ በብዛት ይሻል፤ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይወስዳል። ከደረሰ በኋላ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይሆናል፤ ኮባው ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ይፈለጋል። ሆኖም አንዴ ከተፋቀ በሌላ ተክል መተካት አለበት።

ሁለቱም የማጠንፈፊያ ቦይና በበጋ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋሉ፤ በፍሳሽ የተበከለው የአቃቂ ወንዝ ለዚህ አያስተማምንም። እንግዲህ ገበያን ያሰበ አቮካዶን፣ ለክፉ ቀን ቀለብ ያሰበ እንሰትን ቢመርጥ ይበጀዋል፤ ቦዩ ግን ከችግኙ ይቅደም።