ግራፋይት ርካሽ ነው፤ ልዩነቱን ግን ገበሬ ከፍሎታል

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ግራፋይት እናውራ። "እኛን ምን አገባን?" የምትሉ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ስለ ባትሪ ሲወራ ሁሉም ሊቲየም፣ ሊቲየም ይላል። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ግን ግራፋይቱ በክብደት ሊቲየሙን በብዙ ይበልጣል፤ በአንድ መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይገመታል። ለባትሪ ተጣርቶ የሚዘጋጀውን ግራፋይት ከ90 በመቶ በላይ የያዘችው ቻይና ናት፤ በዋጋ የሚደርስባት የለም። ልምዷና የፋብሪካዎቿ ብዛት አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ከመሬት የሚወጣው ግራፋይት ለባትሪ እንዲሆን በአብዛኛው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይታጠባል። ፍሳሹ በአግባቡ ካልተያዘ ወንዝና አፈር ይበክላል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ከነዳጅ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ተሠርቶ ወደ 3,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይጋላል፤ በውስጥ ሞንጎሊያ ይህ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚመጣው ከድንጋይ ከሰል ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ2016 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያነጋገራቸው መንደርተኞች የሚያብረቀርቅ አቧራ ሰብላቸውን እንደሚያለብስ፣ ውሃቸውም እንደተበላሸ ተናግረዋል። ለገዢው ቅናሽ ያደረገለት ያ ገበሬ ነው ማለት ነው።

ይህ ዓይነት ዕዳ ተደብቆ አይቀርም። በሞዛምቢክ ባላማ ማዕድን ማውጫ ገበሬዎች በመሬትና በሰፈራ ቅሬታ ተነሥተው ሥራው ቆመ፤ በታኅሣሥ 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ኩባንያው ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ገጥሞኛል ብሎ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት የ2023 የባትሪ ደንብም የባትሪውን የካርበን መጠን ይጠይቃል፤ የተፈጥሮ ግራፋይት ከየት እንደመጣና ማንን እንደጎዳ እንዲጣራም ያዛል። የማጣራቱ ግዴታ ወደ 2027 ተራዝሟል። ተራዘመ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም፤ በደን ጭፍጨፋ ሕጉ ምክንያት የማሳ ጂፒኤስ ስንሰበስብ የከረምን የቡና ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ለሶዲየም ባትሪ የሚሆን ካርበን ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራል፤ የቡና ገለባንም የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ነገ አንድ ገዢ ዩኒየን ደጃፍ መጥቶ "ገለባችሁን ልግዛ" ቢል አይግረማችሁ። እኔ አትሽጡ አልልም። ግን ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. የት ይታጠባል? ፍሳሹስ ወዴት ይገባል? የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዞቻችንን ምን እንዳደረገ አይተናል።

2. ምድጃው በምን ይሠራል? ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው የሚያስፈልገው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ ይህ በሰነድ ከተያዘ ዋጋ የሚያስጨምር ነገር ነው። በእንጨት ከሆነ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው።

3. ገለባው ሲሄድ ፖታሲየሙም አብሮ ይሄዳል። ማሳው ላይ ማን ይተካዋል? ይህ ካልተሰላ ገለባ ሸጣችሁ ማዳበሪያ መግዛታችሁ ነው።

የሦስቱ መልስ ውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። ዛሬ በዋጋው ያልገባ ወጪ ነገ ከማሳው ወይ ከወንዙ ይከፈላል።

መልካም ገበያ!